አናጢው ተድላ የሠራት ጀልባ

ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቡራዩ ውስጥ፣ ተድላ የሚባል አናጢ ነበረ። ትውልዱ መርሐ ቤቴ ነው። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም አዲስ አበባ ገብቶ ከአንድ አርመን ዘንድ ሙያ ተማረ፤ ኋላ የራሱን መጋዝና መላጊያ ሲይዝ ቡራዩ ወርዶ ሥራ ቤት ከፈተ። ዕቃው ጠንካራ ነው። አልጋው አይንቋቋም፣ በሩ ንፋስ አያስገባም፣ ወንበሩ ላይ ሠርገኛ ቢጨፍርበት አይላላም። ሰው «የተድላ ሥራ አይፈታም» ሲል ከሰማ ቀና ብሎ አያይም፤ አንገቱን ወደ እንጨቱ እንደ ደፋ ፈገግ ይላል። ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

ሚስቱ ገለቴ የኦቦ ቦጂያ ልጅ ናት። ኦቦ ቦጂያ ከተራራው በሚወርደው ለገ ጉራቻ በሚባል ጅረት ዳር ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያረሱ፣ በሰፈሩ ቃላቸው የሚሰማ ገበሬ ነበሩ። ተድላ ወንድም አልነበረውም። የገለቴን ታናሽ ወንድም ደቻሳን ሲያገኝ፣ ከሚስቱ ጋር ወንድምም ተመርቆ እንደ ተሰጠው ቆጠረው። ደቻሳ ሎጋ፣ ፈጣን፣ ሳቁ ከጎረቤት ማዶ የሚሰማ ጎልማሳ ነበር። ተድላን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሶዳኮ» ነው የሚለው፣ አማቼ ማለቱ ነው። ተድላ ኦሮምኛ የለመደው ከሱ ጋር ሲሳሳቅ ነው። ሁለቱ አብረው በር ላይ ብቅ ሲሉ ገለቴ «ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ እሱን?» ትል ነበር።

በአምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ኡዶ የሚባል መንገድ ቀያሽ ፈረንጅ ቡራዩ ቤት ተከራየ። አንድ የሐምሌ ቀን በላንድሮቨሩ ጣራ ላይ አንድ ጉድ ጭኖ ተድላ ደጃፍ ቆመ። ከቀጫጭን እንጨት ተዋቅራ ሸራ የለበሰች፣ ጫፍና ጫፏ የሾለ፣ መሐሏ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ቀዳዳ ያላት ጠባብ ጀልባ ናት። ጎኗ ተሰብሯል። ኡዶ በተሰባበረ አማርኛ «ድንጋይ በላት» አለ።

ተድላ የተሰበረውን ጎድን ቀይሮ ሲያስረክብ፣ ይህች ነገር የት እንደምትሄድ ሊያይ ደቻሳን ይዞ ተከተለው።

ለገ ጉራቻ በበጋ ወንዝ ለመባልም የሚያፍር ነው። ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ክረምት ሲገባ ግን ከተራራው የወረደው ሁሉ እዚያ ጠባብ ቦይ ውስጥ ይታጨቅና ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ፣ እዚህ እየዘለለ፣ እዚያ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ትንሽ ስለሆነ ስሕተት የሚያርሙበት ቦታ የለውም፤ አንዱን ድንጋይ በግራ ያለፈ ሰው ሌላው በቀኝ አፍጥጦ ይጠብቀዋል። ኡዶ እዚያ ውስጥ ገባ። ወገቡ ላይ ያለውን ሸራ ውሃ እንዳያስገባ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር አሰረ፤ በሁለቱም ጫፍ ምላስ ያለውን መቅዘፊያ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየሰካ ሾልኮ ወረደ። መሐል ላይ ተገለበጠ። ደቻሳ «ሞተ!» ብሎ ሲጮኽ ሰውየው መቅዘፊያውን ገፋ አድርጎ ከነጀልባዋ ተመልሶ ቀና አለ። ጢሙ ላይ ጭቃ፣ ፊቱ ላይ ሳቅ ነበረ።

ደቻሳ የዚያን ቀን ማታ እህል አልቀመሰም። በነጋታው የኡዶ በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

ኡዶ ደስ አለው፤ ብቻውን ወንዝ መውረድ ሰልችቶት ነበር። በየእሑዱ ሁለቱን ያስተምር ጀመር። ተድላ ይፈራል፣ ቢሆንም ይሞክራል፤ ደቻሳ ግን ለዚህ የተፈጠረ ነው። ከመግባታቸው በፊት ዳር ዳሩን ሄደው ውሃውን ያያሉ። አንዱ ሲቀዝፍ ሌላው ከጠባቡ ቦታ በታች ገመድ ጠቅልሎ ይዞ ይቆማል። ይህን ኡዶ አጥብቆ ነው ያስተማራቸው። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ አማተበ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ጃንጥላውን ይዞ ለማየት ይወጣ ጀመር። «የውሃ ፈረሰኞች» የሚል ስምም አወጣላቸው።

ኦቦ ቦጂያ ብቻ አልወደዱትም። «በሬ እንኳ የሸሸውን ውሃ እናንተ ምን አድርጉ ብሏችሁ ነው?» ይሉ ነበር።

«አንቱም አንድ ቀን ይሞክሩት፣ አባ» ይላል ደቻሳ።

«እኔ አብጃለሁ? ሂድ ወዲያ!» ይሉና ከዘራቸውን ያነሣሉ፤ ዞር ሲል ግን ይስቃሉ።

የኡዶ ሥራ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ጀልባዋን ለደቻሳ ትቶለት ሄደ። ችግሯ መሰበሯ ነበር። ድንጋይ በነካት ቁጥር ጎድኗ ቀጭ ይላል። ተድላ ሲጠግናት ጠንከር ያለ እንጨት ሊያስገባባት ይፈልግ ነበር፤ ኡዶ ሳለ ግን ራሱን እየነቀነቀ ቀጭኑን ያስመልሰው ነበር። ተድላ ክብደት ፈርቶ ነው ብሎ አሰበ እንጂ ምክንያቱን አልጠየቀውም። በአንድ ክረምት መጨረሻ አሮጊቷ ጀልባ ሁለት ቦታ ተቆርጣ መጠገኛ አጣች።

«ሶዳኮ» አለ ደቻሳ ስብርባሪዋን በእግሩ እየነካካ፣ «አንተ እያለህ እኔ የፈረንጅ እንጨት ምን ያደርግልኛል? የራስህን ሥራልኝ። የማትሰበር።»

ተድላ በጋውን ሙሉ ሠራት። ሌላ ሥራ ቢይዝም፣ ሰዓት ባገኘ ቁጥር ወደሷ ይሄዳል። የወይራ ልምጭ መርጦ፣ በፈላ ውሃ እያላላ፣ እያጎበጠ ጎድኖቿን አወጣ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሲባጎ ጠፍሮ፣ በላዩ ሙጫ አፍስሶ፣ በናስ ብሎን አሰረው። የካሚዮን ሸራ በድርብ አልብሶ ሰምና ሞራ አጠጣት፤ ከዚያ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ቀባት። ገለቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ ጀልባዋን በመዳፉ ሲደባብስ ታገኘዋለች። ትንሿ ልጃቸው አትክልት ቀዳዳው ውስጥ ገብታ ትተኛበት ነበር። ያለቀች ዕለት ደቻሳ ላይዋ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ተነሣና ዘለለባት፣ እንደ ገና ዘለለባት። እንጨቱ ድምፅ አላሰማም። ተድላን ከመሬት አንሥቶ አሽከረከረው።

ተድላ በሕይወቱ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ያቺን ይወድ ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ፣ ገለቴ አክስቷን ልትጠይቅ አትክልትን አዝላ ሱሉልታ ሄዳ ነበር። ተድላና ደቻሳ ከቅዳሴ መልስ ወደ ወንዙ ወረዱ። እንደ ልማዳቸው ዳር ዳሩን ሄደው አዩት። ውሃው ሞልቷል፣ ቢሆንም ከዚህ የባሰም ወርደውታል። ከጠባቡ በታች ባለው እጥፋት ላይ ሌሊት በጣለው ዝናብ ዳሩ ተንዶ አንድ ባሕር ዛፍ ወድቆ ነበር። ጎርፉ ግንዱን በስሱ ሸፍኖት ስለሚያልፍ፣ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ውሃው ትንሽ ጉብ ያለ እንጂ ሌላ አይመስልም።

ተድላ ገመዱን ይዞ ቦታው ቆመ። ደቻሳ ከላይ መጣ። የመጀመሪያውን ድንጋይ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ጠባቡን እንደ መርፌ ሰንጥቆ ወጣ፤ ተድላ አጠገብ ሲደርስም መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ ፎከረ። ወዲያው እጥፋቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የጀልባዋ አፍንጫ ከግንዱ ሥር ገብቶ ተሰንቅሯል።

ተድላ ገመዱን ወረወረ፤ ደቻሳ ያዘው። ጎተተ፤ አልነቃነቀውም። ከዚያ ገመዱን ከዳር ካለ ዛፍ ጋር አስሮ፣ በግንዱ ላይ በደረቱ እየተሳበ ሄዶ ደቻሳን ከብብቱ ሥር ያዘው። ውሃው ደቻሳን ከወገቡ በላይ አልደረሰም ነበር።

«እግሬ ተይዟል» አለ ደቻሳ። ድምፁ ውስጥ ድንጋጤ አልነበረም። «ታጥፋ ጉልበቴን ነክሳዋለች።»

«ትሰበራለች» አለ ተድላ። «ትንሽ ታገሥ፣ ውሃው ራሱ ይሰብራታል።»

ወንዙ በሙሉ ጀርባዋ ላይ ነበር። እንደ ቀስት ጎበጠች። አልተሰበረችም።

ተድላ ያን ጊዜ ኡዶ ቀጭኑን እንጨት ለምን ያስመልሰው እንደ ነበር ገባው። ያቺ አሮጊት ጀልባ ብትሆን ኖሮ በመጀመሪያው ግፊት ለሁለት ተቆርጣ፣ ደቻሳ ስብርባሪዋን አራግፎ ዳር ላይ ቆሞ እየሳቀባት በሆነ ነበር።

ጮኸ። ሰው ደረሰ። ጎረቤታቸው ነገሳ በግንዱ ላይ ተስቦ መጥቶ ተድላን ከኋላው ወገቡን ያዘው። ሌሎቹ በሬ አምጥተው፣ የጀልባዋን ጭራ በጠፍር አስረው ሳቡ፤ ጠፍሩ ተበጠሰ። ቢላ ለተድላ አቀበሉት። ሸራውን በዳበሳ ቀደደው፤ ጎድኖቹ ግን እንዳሉ ናቸው። መጥረቢያ አመጡለት፤ ውሃ ውስጥ መጥረቢያ ምን ጉልበት አለው? እንደ ትራስ ነው የሚመታው። ግንዱን እንቁረጠው ያሉ ነበሩ፤ ከተቆረጠ ግን ተንከባልሎ የሚወድቀው በደቻሳ ላይ ነው። ተድላ እጁን አስገብቶ ያሰራቸውን ብሎኖች እየዳበሰ በጥፍሩ ሊፈታ ታገለ። የት የት እንዳሉ ያውቃል። አንዱም አልተፈታለትም።

ከላይ ተራራው ጠቆረ፤ እዚያ ዝናብ ጀምሯል። ውሃው ከደቻሳ ወገብ ወደ ደረቱ ወጣ። ኦቦ ቦጂያ በሰው ተደግፈው መጡ። ዳር ላይ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቆሙ፤ ከዚያ በላይ እንዳይሄዱ ሁለት ሰው ያዛቸው።

«ኢልማኮ!» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደኅና ነኝ፣ አባ። ቤት ይግቡ፣ ይበርድዎታል» አላቸው ደቻሳ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

እሳቸው ግን አልሄዱም።

ደቻሳ በተድላ ትከሻ ላይ ተደገፈ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ «ሶዳኮ፣ በጣም አጥብቀህ ሠራሃት።» ሊስቅም ሞከረ፤ ብርዱ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ሳቁን ቆራረጠበት። ከተድላ ኋላ ያለው ነገሳ ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

ውሃው አንገቱ ላይ ሲደርስ ነገሳ ገመዱን ሊያጠብቅ ወደ ዳር ተመለሰ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ተድላ የደቻሳን አገጭ በሁለት መዳፉ ወደ ላይ ይዞታል። ደቻሳ አፉን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አንድ ነገር ደጋግሞ ለመነው። ተድላ ራሱን ነቀነቀና የበለጠ አጥብቆ ያዘው። ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደቻሳ አለፈ። ተድላ ግን አለቀቀም፤ ሰዎች መጥተው ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቁት።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ጎድሎ አስከሬኑን አወጡት። ጀልባዋም ወጣች። ሸራዋ ተቀዷል፣ አንድ ጎድኗ ብቻ ተሰንጥቋል። ተድላ መጥረቢያ አንሥቶ እዚያው ዳር ላይ ይፈልጣት ጀመር። በደረቅ መሬት ላይ፣ በሙሉ ጉልበቱ እየመታት እንኳ ቶሎ አልፈረሰችለትም። ሰዎች ቆመው ያዩታል፤ ይብቃህ የሚለው ጠፋ።

ኦቦ ቦጂያ ሥራ ቤቱ ድረስ መጡ። «ሳጥኑን ሌላ ሰው አይሥራው፤ አንተ ነህ የምትሠራው» አሉት። ሠራ። ክዳኑን ሲገጥም ግን ምስማሩን በመዶሻ ነካ ነካ እያደረገ አለፈው። ሽማግሌው በእጃቸው ሞከሩት፤ ይነቃነቃል። «ተድላ፣ መንገድ ላይ እንዳይከፈትበት አጥብቀው እንጂ» አሉ። ተድላ መዶሻውን ጥሎ ከሥራ ቤቱ ወጣ። የመጨረሻውን ምስማር የመታው ነገሳ ነው።

ገለቴ ሱሉልታ ላይ መርዶውን ሰምታ የደረሰችው አስከሬኑ ሊነሣ ሲል ነው። ወንድሟን በሕይወት አላየችውም። ሐዘን ላይ ደረቷን ስትደቃ ሰው ሊይዛት አቃተው። ከሐዘኑ በኋላ ግን ዝም አለች። ባሏን «ምን ሆነ?» ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራት። ራት ታቀርባለች፣ ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ትተኛለች። እንዲህ ሆነው ስንቱን ወር ገፉት።

ክረምት ሲመጣ ተድላ የወንዙን ድምፅ ሰምቶ መቻል አቃተው። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰበታ ሄደ፤ በጂማ መንገድ ዳር አዲስ ሥራ ቤት ከፈተ። ሥራው ግን የድሮው አልሆነም። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ማጥበቅ አይችልም፤ እጁ መሐል ላይ ይቆምበታል። ወንበሩ ይወላገዳል፣ በሩ ይዘማል። ሰው መጀመሪያ ታገሠው፣ ኋላ ሥራውን ይዞ ወደ ሌላ አናጢ ሄደ። ተድላም መጋዙን ብቻ አስቀርቶ እንጨት መሰንጠቅና መሸጥ ያዘ። እንዴት ያለ አናጢ እንደ ነበር ሰበታ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ኦቦ ቦጂያ የሞቱት ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ባልና ሚስቱ ለአርባቸው ቡራዩ ሄደው፣ ሲመለሱ ከመንገድ ዳር አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። አትክልት ትንሽ ራቅ ብላ ከእኩዮቿ ጋር ትጫወታለች። ተድላ ድንገት ተናገረ።

«ደቻሳን የገደለችው ጀልባዋ ናት» አለ። «ብትሰበር ይተርፍ ነበር። እኔ ነኝ እንዳትሰበር አድርጌ የሠራኋት።»

ገለቴ መንገዱን እያየች «አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«የነገሳ ሚስት። ገና በሣልስቱ። ‹አጥብቀህ ሠራሃት› እንዳለህም ነግራኛለች።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠይቄህ ብትመልስልኝ ምን ይረባኛል? እኔ የጠበቅሁት አንተ ራስህ እንድትነግረኝ ነው። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ስል አባቴም ሞቱ።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ወንድሜን ውሃ ወሰደው። አንተን ግን ምን ወሰደህ? አንድ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው ያስቀመጥከኝ።»

ተድላ እጆቹን አያቸው። «የነገሳ ሚስት የማታውቀው አለ» አለ። «መጨረሻ ላይ ‹ና ገዲሲ› አለኝ። ልቀቀኝ አለኝ። በርዶት ነበር፣ ደክሞት ነበር። ስንቴ ለመነኝ መሰለሽ። አልለቀቅሁትም።»

ገለቴ ይህን አልሰማችም ነበር። ዞር ብላ አየችው። «ለምን?» አለች በቀስታ። «እየለመነህ ለምን አላሳረፍከውም?»

«አንቺ ትደርሻለሽ ብዬ» አለ ተድላ። «ሰው ሱሉልታ ልከው ነበር። ትደርሺና ታይዋለሽ ብዬ ነው የያዝኩት።»

ገለቴ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። በወንድሟ ቀብር ላይ ያለቀሰችውን የሚያስንቅ ልቅሶ አለቀሰች። ተድላ አጠገቧ ተቀመጠ። እሱም አለቀሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው። አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሾፌሩ አያቸውና ሄደ። አትክልት ሮጣ መጥታ መሐላቸው ቆመች፤ ማንኛቸውን እንደምታባብል ጨነቃት።

በመጨረሻ ገለቴ ፊቷን ጠረገች። «አልተቀየምኩህም» አለችው። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንድም ቀን አልተቀየምኩህም። ግን እጅህን ባየሁ ቁጥር እሱን ነው የማየው። ምን ላድርግ?»

ተድላ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተታቸው።

የኦቦ ቦጂያ መሬት ያለ ሰው ሊቀር አይችልምና ገለቴ ልጇን ይዛ ወደ ቡራዩ ተመለሰች። አልተፋቱም። ሰው «ተጣሉ እንዴ?» ሲላት «ማን ተጣላ? ባሌ ሰበታ ሥራ አለው» ትላለች። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል ተድላ እንጨቱን ለሰው አደራ ሰጥቶ ይመጣል። ያጭዳል፣ ይወቃል፣ የኦቦ ቦጂያን ጎተራ ያድሳል። ማታ ማታ ስለ ደቻሳ ያወራሉ፤ እንዴት ይስቅ እንደ ነበር፣ ሠርጋቸው ላይ ምን እንዳደረገ። አንዳንዴ ወሬው ያስቃቸዋል። በእነዚያ የበጋ ወራት ጎረቤት ሲያያቸው ደኅና ባልና ሚስት ናቸው።

ሰኔ ሲገባ፣ ተራራው ላይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ተድላ ሥራውን አቁሞ ወደ ወንዙ በኩል ያዳምጣል። ገለቴም አትጠይቀውም። ተነሥታ ጋቢውን አጣጥፋ፣ ስንቁን በአገልግል አድርጋ በር ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እስከ አውቶቡሱም ድረስ ትሸኘዋለች። አውቶቡሱ እስኪርቅ ቆማ ታየዋለች፤ ከዚያ ዝናቡ ሳይደርስባት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።